ፊልም በጆሮዋ የምታይ ዳኛ

ሥራዋ የሆስፒታል ስልክ ክፍል ውስጥ ነው፤ ደዋይን ከሐኪም፣ ዘመድን ከታማሚ ስታገናኝ ነው የኖረችው። ባልደረቦቿ ግን «ዳኛዋ» ይሏታል፤ እሷ ሳትፈርድበት የሚያልፍ ፊልም የለምና። «መጀመሪያው ይሄዳል፤ መጨረሻውን ግን ደራሲው እንቅልፍ እያዳፋው ነው የጻፈው» ትላለች። ኮሜዲ ላይማ ምሕረት አታውቅም። ተዋናዩ ዓይኑን ካጉረጠረጠና ሱሪው ከወለቀ «ይሄ ሳቅ ሊለምን ነው የወጣው» ብላ ትዘጋዋለች። ሰው ይናደድባታል፤ ተናዶም ተመልሶ «ያንኛውንስ አየሽው?» ይላታል።

ይህችው ሴት የዓይን ግፊት ያዛት። መጀመሪያ ከስክሪኑ ዳር ዳር የሚቆሙት ሰዎች ጠፉባት፤ ቀጥሎ ፊቶች ደበዘዙ። ሐኪሙ የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ በነገራት ቀን ታናሽ ወንድሟ ክንዷን ይዞ ሲወጣ ምን እንደሚላት ጨነቀው። ቀድማ የተናገረችው እሷ ናት።

«እሁድ ያ አዲሱ ፊልም እንዳያመልጠን።»

«እትዬ፣ አሁን ስለ ፊልም ነው የምታወሪው?»

«ስለ ምን ላውራ ታዲያ? ሥራዬ በጆሮ ነው፣ አልተነካብኝም። የተነካው ፊልሜ ነው። እሱን ደግሞ አልለቅም። አንተ ትነግረኛለህ።»

ወንድሟ ሶፋ ሠሪ ነው። ቀኑን ሙሉ ጨርቅ ሲወጥርና ሚስማር ሲመታ ይውልና ፊልም የሚከፍተው ለማረፍ ያህል ብቻ ነው። ሆደ ቡቡም ነው። ቤቷ ቴሌቪዥን ፊት ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲጀምሩ ነገሩ አልሠመረላቸውም።

«ሰውዬው ገባ» ይላታል።

«የትኛው ሰውዬ?»

«ያ ቅድም የወጣው።»

«ፊቱ ተናዷል?»

«እኔ እንጃ፣ ጀርባውን ነው የሰጣት።»

«እሱን አትነግረኝም ታዲያ? ጀርባውን መስጠቱ እኮ ነው ነገሩ።»

ኮሜዲ ሲሆን ደግሞ ባሰ። ወንድሟ ሳቅ ከያዘው አንደበቱ ይታሰራል። ሆዱን ይዞ ሲጠቀለል እሷ እጇን አጣጥፋ ትጠብቃለች። እንባውን ጠርጎ «መሰላሉ... መሰላሉን የያዘው ሰውዬ...» ይልና እንደገና በሳቅ ይፈርሳል። ሲበርድለት ቀልዱ አልፏል። ቢሆንም እያደር ለመደ። ማን የት እንደቆመ፣ ማን ማንን ሰርቆ እንዳየ መንገር ቻለ።

አንድ ሰሞን አገሩ ሁሉ የሚያወራለት ፊልም መጣ። እናትና ልጅ ተጣልተው ይለያያሉ፤ መጨረሻ ላይ እናትየዋ ልጇን አውቶቡስ ውስጥ በመስኮት ታያታለች። ሙዚቃው ከፍ አለ፤ ወንድሟ ትረካውን አቋረጠ።

«እህሳ?»

«ተቃቀፉ» አላት።

በማግስቱ ሆስፒታል ምሳ ሰዓት ላይ ለባልደረቦቿ ፍርዷን ሰጠች። «እስከዚያ ድረስ ወርቅ ነበር። ያ ማቀፍ ግን ገደለው።»

የላቦራቶሪዋ ሠራተኛ ሹካዋን አስቀመጠች። «የምን ማቀፍ? እናትየዋ ሳትጠራት አውቶቡሱን ዝም ብላ ሸኘችው እኮ።»

ዳኛዋ ፊቷ ጋለ። ባልተሠራ ፊልም ላይ ፈርዳ አታውቅም።

ከሥራ ስትወጣ ቀጥታ ወንድሟ ሱቅ ሄደች። ሚስማር በከንፈሩ ይዞ ወንበር ሲያለብስ ነበር።

«ለምን ዋሸኸኝ?»

ሚስማሩን ከአፉ አወጣ። «እናትየዋ አሳዘነችኝ፣ እትዬ። አንቺም ሰሞኑን ብዙ ቻልሽ። ደስ ይበልሽ ብዬ ነው።»

«ደስ ይበለኝ ብዬ መቼ ለመንኩህ? ዓይኔ ቢጠፋ ፍርዴ አልጠፋም። ያየኸውን እንዳየኸው ስጠኝ። የሚጣል ከሆነ የምጥለው እኔ ነኝ።»

«የሚያስለቅስ ከሆነስ?»

«እናለቅሳለና።»

ከዚያ ወዲህ ቃል አልጨመረም፣ አልቀነሰም። እሷም ቤት መቀመጥ በቃኝ፣ ሲኒማ ቤት ውሰደኝ አለችው፤ ሰው በሚስቅበትና በሚተነፍስበት መሐል መሆን ናፍቋታል። ግን ገና ፊልሙ ሳይሞቅ ከፊት የተቀመጠ ሰው ዞር አለ። «ሬዲዮ ልንሰማ አይደለም የመጣነው» አላቸው። ወንድሟ በሹክሹክታ ቀጠለ፤ ሌላውም አጉረመረመ። በግማሹ ተነሥተው ወጡ።

በማግስቱ የሲኒማ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ገባች።

«ይቅርታ ያድርጉልን» ማለት ሲጀምር አቋረጠችው።

«ያ ሰውዬ ልክ ነው። እኔም ብሆን እቆጣ ነበር። የመጣሁት ለስሞታ አይደለም፤ ማንንም ሳንረብሽ የምናወራበት ቦታ እንዲሰጡኝ ነው።»

«እናስብበታለን።»

ስልክ ላይ ያረጀች ሴት «እናስብበታለን» ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋትም። በየሳምንቱ ደወለች። አትቆጣም፣ አትለማመጥም። «ዛሬስ አሰባችሁበት?» ብቻ ነው የምትለው። ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ነው ሲሏት «እጠብቃለሁ» ትላለች፤ ትጠብቃለችም። በመጨረሻ ሰውዬው ራሱ መልሶ ደወለላት። ከአዳራሹ ኋላ፣ ድሮ የፊልም ማሽን የቆመበት ክፍል አለ። ፊት ለፊቱ መስታወት ነው፣ ድምፅ ማጉያም አለው፤ አሁን የተሰበረ ወንበር ታጭቆበታል፤ እሱን ልስጥዎት አላት።

«ወንበሩን ለወንድሜ ተዉለት» አለችው።

ወንድሟ ደህና ደህናዎቹን መርጦ አዲስ ጨርቅ አለበሳቸው። በመክፈቻው እሁድ ከሰዓት ክፍሉን የያዙት ሁለቱ ብቻ አልነበሩም። ዓይናቸው የደከመ ጡረተኛ ሾፌር ከባለቤታቸው ጋር መጥተዋል፤ የላቦራቶሪዋ ሠራተኛም «እኔ ዝም ብዬ ልስማችሁ» ብላ ተከትላቸዋለች።

ፊልሙ የሠርግ ቤት ኮሜዲ ነበር። ወንድሟ ጉንጩን ከውስጥ ነክሶ፣ ሳቁን ውጦ ተረከ። አዳራሹ በሳቅ ሲናጋ እሷ አልሳቀችም። ኋላ ግን አዳራሹ ጸጥ ባለበት «አስተናጋጁ ኬኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ እንግዳውን አየው፤ መልሶ አነሣው» ሲላት ከት ብላ ሳቀች። ሾፌሩም ተከተሏት። ሳቁ ሊቆም አልቻለም፤ የሾፌሩ ባለቤት «ምን ሆናችሁ?» እያሉ እሳቸውም ገቡበት።

ሲወጡ ደረጃው ላይ «ኬኩ ብቻ ነው ፊልም፤ ሌላው ጫጫታ ነው» አለች።

«እኔ ግን ወድጄዋለሁ» አለ ወንድሟ።

ቆመች። በሕይወቱ ስለ ፊልም ሐሳብ ሰጥቶ አያውቅም። «ምኑን?»

«የሙሽራዋን አባት። ሲወድቅ ሳይሆን ተነሥቶ ኮቱን ሲያራግፍ።»

«ስለ ኮቱ አልነገርከኝም።»

«ነግሬሻለሁ፤ አንቺ ሾፌሩን እያወራሽ ነበር።»

«እሱም ቢሆን ፊልሙን አያድነውም።»

«ያድነዋል፣ እትዬ። እንዲያውም ልንገርሽ...»

ክንዱን ይዛ እየተከራከሩ ታክሲ ለመያዝ ሄዱ።