በሙሉ ዋስትና ወደ አብርሃ ወአጽብሃ

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት ሐሙስ ጠዋት ነው። የጉዞዬ ምክንያት ሁለት ነበር፤ ትምህርቷን የጨረሰችውን ልጄን ማህሌትን ይዤ መመለስና የገባሁላትን ቃል መፈጸም። ቃሉን የሰጠኋት መቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመድባ ሻንጣዋን ስታሰናዳ ነበር። «ስትጨርሺ እኔው ራሴ እየነዳሁ የፈለግሽው ቦታ እወስድሻለሁ» አልኳት። እንዳታለቅስ ብዬ ያልኩት ነገር እንጂ ይዛ ትጠብቀኛለች ብዬ አላሰብኩም።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ትንሽ ልናገር። በአንድ የመድን ድርጅት የካሳ ክፍል አሥራ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ የሚቀርበው የተጨማደደ ኮፈን፣ የረገፈ ስፖኪዮና «ፍሬን እንቢ አለኝ» የሚል ሰው ቃል ነው። መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ ጊዜው ሳያልፍ አሳድሰዋለሁ፤ ለብቻዬም አልፎ አልፎ የዘመድ መኪና እየተዋስኩ እጄን አፍታታለሁ። ቤተሰቤን ጭኜ ግን ከሰፈር ወጥቼ አላውቅም። ማህሌት ልጅ ሳለች ጓደኞቿ ሶደሬ መሄዳቸውን ስትነግረኝ እኔ በዚያ መንገድ ላይ የተገለበጡትን እቆጥርላት ነበር። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

መቀሌ ማህሌት በአዲስ ነጠላ ተቀበለችኝ። ከሰላምታው ቀጥሎ ያለችኝ «አባዬ፣ መኪና አግኝቻለሁ» ነው። የምትሄድበትንም መርጣ ነበር፤ ከውቅሮ ወደ ምዕራብ ተገንጥሎ የሚገኘው ከአለት የተፈለፈለው አብርሃ ወአጽብሃ ቤተ ክርስቲያን።

ዓርብ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት

የመኪናው ባለቤት አያ ካሕሳይ የማህሌት ጓደኛ አጎት ናቸው። ረጋ ያሉ፣ ከመናገራቸው በፊት ባርኔጣቸውን የሚያስተካክሉ ሰው። ነጯ ኮሮላ ግቢያቸው ውስጥ ታጥባ ቆማለች። የቀኑን ኪራይ ስድስት ሺህ ብር ብለው ቁልፉን ዘረጉልኝ። እኔ ግን ቁልፉን ሳልቀበል ሊብሬዋንና የመድን ፖሊሲዋን ጠየቅኩ።

ፖሊሲው ሙሉ ሽፋን ነው፤ መኪናዋ ለኪራይ እንደምትሠራም ይጠቅሳል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ለግል ተብላ የተመዘገበች መኪና ተከራይታ ብትጋጭ ከኪሱ የሚያወጣላት መድን የለም፤ ስንቱን ሰው በዚህ ምክንያት አንገቱን አስደፍቼ መልሻለሁ። ችግሩ ሌላ ነበር፤ እንዲነዳ የተፈቀደለት ሰው አያ ካሕሳይ ብቻ ናቸው። እሳቸው «ማን ያያል?» ቢሉም አልተረታሁም። ቀዳማይ ወያነ ክፍለ ከተማ ወዳለው የመድን ቢሮ በባጃጅ ወሰድኳቸው። የተቀበለችን ሠራተኛ መንጃ ፈቃዴን አይታ፣ ሥራዬን ጠይቃ፣ ስሜን በተጨማሪ ወረቀት ላይ አሰፈረችና ማኅተም አደረገችበት። ከካሳ ክፍል የመጣ ሰው መኪና ሲከራይ ስታይ የመጀመሪያዋ እንደሆነ ነገረችኝ፤ እሷም ሁልጊዜ በአውቶቡስ ነው የምትሄደው። ተሳሳቅን።

ወረቀቱ ካለቀ በኋላ የቀረው መቅረጽ ነበር። የተከራዩትን መኪና ከመንዳት በፊት ዙሪያውን በቪዲዮ መያዝ ግዴታ ነው፤ ያለዚያ የትናንቱ ጭረት የዛሬው ሾፌር ዕዳ ይሆናል። ቁልፉን ተቀብዬ፣ ኮሮላዋን ከግቢ አስወጥቼ፣ ስልኬን ይዤ ብርሃን ባለበት መንገድ ዳር መዞር ጀመርኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ «የግራ ኋላ በር፣ ትንሽ ጭረት» እያልኩ እናገራለሁ። ኮፈኑን አስከፍቼ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን አነበብኩ። ሞተሩን አስነሥቼ የጭሱን ቀለም አየሁ፤ የመጠባበቂያ ጎማውን ነፋስ ሳይቀር ፈተሽኩ።

ለካ በሰፈሩ መኪና እንዲህ ሲደረግ የሚታየው ሲሸጥ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሁለት ጎረቤቶች ወጥተው ቆሙ። ቀጥሎ ጃንጥላ የያዘ ደላላ መጣና ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አድርጎ ስንት እንደሰጠሁ ጠየቀኝ። ሌላ ሰውዬ ደግሞ አያ ካሕሳይን ይዞ ይወቅሳቸው ጀመር፤ ከሸጡ ለእሱ ሊሸጡለት ቃል ገብተውለት ነበር። አያ ካሕሳይ ባርኔጣቸውን ደጋግመው አስተካከሉ።

ወሬው ገበያ ድረስ ደርሶ ኖሮ ባለቤታቸው ወይዘሮ ለተብርሃን ዘንቢላቸውን እንደያዙ ከተፍ አሉ። ባላቸው ላይ በትግርኛ ያወረዱትን ማህሌት ሁሉንም አልተረጎመችልኝም። የገባኝ ይህን ያህል ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ ነዳጅ ጠፍቶ መኪናዋ ድንጋይ ላይ በቆመችባቸው ዓመታት ተስፋ ያልቆረጡት እሳቸው ናቸው። ኮፈኗ ላይ በርበሬ እያሰጡ፣ መስተዋቷን በየቅዳሜው እያጠቡ ለዚህ አብቅተዋታል። አሁን ሳይነገራቸው ልትሸጥ? ቁልፉን ከእጄ ወስደው ጉያቸው ውስጥ ከተቱት። ማህሌትን አየኋት፤ ፊቷ ልጅ ሳለች ሶደሬን የከለከልኳት ቀን የነበራት ፊት ነው።

ያዳነችኝ እሷው ናት። የሴትየዋን ክንድ ይዛ በትግርኛ ለረጅም ጊዜ አስረዳቻቸው፤ አባቷ ሥራው አደጋ መመዝገብ እንደሆነ፣ የሚቀርጸውም ስለሚፈራ እንደሆነ። ወይዘሮ ለተብርሃን ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ቁጣቸው በረደ።

«እሺ ሓወይ» አሉኝ፤ ወንድሜ ማለታቸው ነው። «የተጋጨውን ሁሉ እናንተ ትጽፉታላችሁ። በሰላም የገባውንስ ማን ነው የሚጽፈው?»

አሥራ ስምንት ዓመት ስሠራ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። እሳቸውም ቁልፉን አውጥተው ለመስጠት አንድ ነገር ጠየቁ፤ መኪናዋ ብቻዋን አትሄድም፣ እሳቸውም አብረው ይሄዳሉ። የተሳፋሪውን ቁጥር በልቤ አሰብኩ፤ ፖሊሲው ይፈቅዳል። ቀኑ በዚሁ ስላለፈ ለቅዳሜ ጠዋት ተቀጣጠርን።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት

ማህሌት ከጎኔ፣ ወይዘሮ ለተብርሃን ከኋላ ሆነው ተነሣን። ወደ ኲሓ የሚወስደውን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ወጣሁት። ላይ ስንደርስ ክረምቱ ያለመለመው የገብስ ማሳና በድንጋይ ካብ የታጠረው ሜዳ ተዘረጋ፤ ነፋሱም ደስ ይላል። ሚኒባሶች እየተከታተሉ አለፉኝ። ቀጥሎ አንድ የጭነት መኪና አለፈኝ። ሸክላ የጫነ ባለ ጋሪም ዳገት ላይ ሊያልፈኝ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

«ሓወይ፣ በዚህ አነዳድ የበለሱ ወቅት ሳያልፍ እንደርሳለን?» አሉ ወይዘሮ ለተብርሃን። ማህሌት ሳቋ እንባ አመጣባት። አጉላዕ ላይ ቆመን እሾሁ የተጠረገለት በለስ ገዛን፤ ሻጯ እየላጠች ሰጠችን፣ ቆመን በላን። ውቅሮ ከተማ ደግሞ ጥሕሎ ቀረበልን፤ የገብስ ሊጡ ድቡልቡል በእንጨት ሹካ እየተወጋ ወጥ ውስጥ ይጠለቃል። እኔ ሁለት ድቡልቡል ከሹካው አምልጠውኝ ወጥ ውስጥ አሰመጥኳቸው። ወይዘሮ ለተብርሃን እንደ ሕፃን አጎረሱኝ።

ከውቅሮ ከተገነጠልን በኋላ መንገዱ ይጠማዘዛል። አንዱ መታጠፊያ ላይ አውቶቡስ ድንገት ፊት ለፊት ብቅ አለ። ጥሩንባውን ነፋ፤ እኔም ወደ ዳር ጥግ ይዤ ቆምኩ። አውቶቡሱ በሰላም አልፎ ሄደ። እጄ ግን ከመሪው ላይ አልላቀቅ አለ። በዓይኔ የሚታየኝ ቢሮ ጠረጴዛዬ ላይ የሚቀርበው የግጭት ፎቶግራፍ ሁሉ ነው።

ማህሌት እጇን ክንዴ ላይ አደረገች። «አባዬ፣ ከፈለግህ እንመለስ። እስከዚህ ማምጣትህ ይበቃኛል» አለችኝ።

ከልቧ እንደሆነ ዐውቃለሁ፤ የባሰ ያሳዘነኝም እሱ ነው። ቀና ስል በመስተዋቱ ውስጥ ወይዘሮ ለተብርሃንን አየኋቸው። ራሳቸውን መስኮቱ ላይ ደገፍ አድርገው፣ አፋቸውን ከፈት አድርገው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ትናንት ቁልፉን ጉያቸው የደበቁት ሴት እኔ እየነዳሁ ተኝተዋል። ፍሬቻ አሳየሁ፣ ማርሽ አስገባሁ፣ ወደፊት ሄድኩ።

አብርሃ ወአጽብሃ ስንደርስ ነጩን ደረጃ እያረፍን ወጣነው። ቄሱ በሩን ከፈቱልን፤ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፣ ዓምዶቹ ከአለቱ ጋር አንድ ሆነው ተጠርበዋል። ማህሌት ግን ፎቶ ያነሣችው ከሁሉም በላይ እኔን ነው፤ መሪ ይዤ፣ በር ከፍቼ፣ ቁልፍ እያወዛወዝኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ወይዘሮ ለተብርሃን ነጭ ማር ገዝተው አንዱን ማሰሮ ለባለቤቴ አስያዙኝ።

ዝናቡ ሳይጀምር መቀሌ ገባን። አያ ካሕሳይ በር ላይ ቆመው ይጠብቁናል፤ ደላላውም ተስፋ ሳይቆርጥ አጠገባቸው አለ። እንደ ደንቡ መኪናዋን ዞሬ ልቀርጽ ስልኬን ሳወጣ ወይዘሮ ለተብርሃን ኮፈኑ ፊት መጥተው ነጠላቸውን አስተካከሉና ቆሙ። «ይጻፉ እንግዲህ፣ ሓወይ። በሰላም ገብተናል» አሉ።

አዲስ አበባ፣ ሰኞ

እሑድ ከልጄ ጋር ቤት ገባን። ባለቤቴ ከማሩ በፊት የጠየቀችው «እውነት ነዳህ?» ብላ ነው፤ ማህሌት ፎቶዎቹን አሳየቻት።

ዛሬ ቢሮ ስገባ ሦስት የግጭት ፋይል ጠበቀኝ። ለእኔ መንገድ ማለት እስካሁን እነዚህ ፋይሎች ነበሩ። በዚያው መንገድ ሄዶ፣ በለስ በልቶ፣ ማር ገዝቶ የተመለሰው ሰው እኔ ጋ የሚመጣበት ጉዳይ ስለሌለው አላውቀውም ነበር። ወረቀቱንም ሆነ ቪዲዮውን አልተውም፤ ነገም ቢሆን እቀርጻለሁ። ቤት መቀመጥን ግን ከእንግዲህ ጥንቃቄ አልለውም።

ስመለስ ከጽሕፈት መሣሪያ ቤት አንድ ደብተር ገዛሁ። በመጀመሪያው ገጽ «በሰላም የገቡ» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ ሦስት ስም አሰፈርኩ፤ ወይዘሮ ለተብርሃን፣ ማህሌት፣ እኔ። ባለቤቴ ከትከሻዬ በላይ አነበበችው።

«የእኔስ ስም የታለ?» አለች።

ቅዳሜ ሶደሬ እንሄዳለን። መኪናውን ዓርብ ከሰዓት በኋላ እቀርጻለሁ፤ ጎረቤቶቼ የሚሸጥ መኪና እንዳልሆነ ከወዲሁ ይወቁልኝ።