ሐረጎ ቁልቁለት ላይ የተባለ አሚን

ለዘመድ፣ ለጎረቤትና ለፌስቡክ ወዳጆቼ በሙሉ፦ ትናንት በስፓኒሽ ቋንቋ የአንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ሕይወት ያተረፍኩ ሰው፣ ከዛሬ ጀምሮ መኪና ውስጥ ግስ ማጥናት ማቆሜን በጥልቅ ሐዘን አስታውቃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው... ማለዳ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እየወረድኩ ነበር። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ፋብሪካ ማሽን ሊተክሉ ለመጡ ስፔናውያን አስተርጓሚ ይፈልጋል፤ ፈተናው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። እኔ ደግሞ ትእዛዝ አሰጣጡ ገና አልያዘልኝም። ጉደኛ ቋንቋ! አንዳንዱ ግስ ለትእዛዝ ሲጠራ መሐሉ ይሰነጠቃል። መተኛት «ዶርሚር» ነው፤ ተኛ ለማለት ግን «ዱዌርሜ»።

ሐረጎን ጉም ውጦታል። ከሹፌሩ ጀርባ ተቀምጬ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ውስጥ ሰክቼ፣ ስልኬን በተዘረጉ ሁለት መዳፎቼ ላይ ይዤ፣ አንገቴን ደፍቼ አነበንባለሁ።

«ዱዌርሜ...»

«አሚን!» አሉ አጠገቤ የተቀመጡት ሼህ።

ቀና ስል እጃቸውን ዘርግተዋል። ለካ ዱዓ የማደርግ መስሏቸዋል! ከኋላ ነጠላ የለበሱ እናትም መዳፋቸውን ዘረጉ። ቁልቁለቱን የፈራ ሁሉ ተከተለ።

«ቀጥል ልጄ፣ አላህ ይቀበልህ። ይሄ መንገድ ዱዓ ይወዳል» አሉ ሼሁ።

ማስረዳት ነበረብኝ... አፈርኩ። ቀጣዩ ግስ በማዳመጫው መጣና ከአፌ አመለጠ። «ሙዌሬ!» ሙት ማለት ነው።

«አሚንንን!» አለ ሚኒባሱ በሙሉ።

ያኔ ከሹፌሩ በላይ ያለውን መስታወት አየሁ። ሹፌሩ ሌሊቱን ወልድያ ደርሶ እንደተመለሰ መናኸሪያ ላይ ሲያወራ ሰምቼው ነበር። ዓይኑ ተከድኗል። አገጩ ደረቱ ላይ ወድቋል።

የመጀመሪያው ትእዛዜ ተፈጽሟል። ሁለተኛው ተራውን እየጠበቀ ነው...

አማርኛ ጠፋኝ። ወላሂ አንድ ቃል እንኳ! ጎማው ከአስፋልቱ ሲወጣ ከአፌ የወጣው «ዴስፒዬርታ!» ነው፤ ንቃ! መሐሉ በሥርዓቱ ተሰንጥቆ።

«አሚንንንን!»

ሹፌሩ በርግጎ መሪውን ወደ ተራራው ጠመዘዘ። ቆምን። በመስኮቴ በኩል መሬት የለም... ጉም ብቻ።

«ሱብሃነላህ!» አሉ ሼሁ ትከሻዬን ይዘው። «የመጨረሻዋስ ፈጥና ደረሰች። ምን ማለት ነች?»

«ንቃ ማለት ነች፣ አባባ።»

«ከሷ በፊት ያሉትስ?»

«...በሰላም አግባን።»

«አሚን» አሉ። ከዚያ ወደ ሹፌሩ ዞረው «አንተ ደግሞ ቁልፉን ወዲህ በልና ተኛ!» አሉት፤ በአማርኛ። ጋደም ብሎ ማንኮራፋት ጀመረ። እሱ ሲነቃ የኔ ፈተና አልቋል።

እርማት፦ በመግቢያችን ላይ ሕይወት ያተረፍኩት እኔ እንደሆንኩ የተገለጸው ስህተት ነው። ሹፌሩ ራሱ እንዳረጋገጠው፣ የኔን ስፓኒሽ ጨርሶ አልሰማም፤ የቀሰቀሰው የተሳፋሪው አሚን ነው። ለተፈጠረው ስህተት ይቅርታ እየጠየቅን፣ አሚን የተባለበት ሁለተኛው ትእዛዝ ስለመሻሩ ግን እስካሁን ያረጋገጠልን አካል አለመኖሩን እንገልጻለን።