ከጻድቁ ጀርባ ያለችው ሴትዮ

አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ውስጥ በአንድ ሙዚየም ጥበቃ ሆኜ ስሠራ ሁለት ዓመት ያህል አንድ ሥዕል ፊት ቆሜያለሁ። የዘይት ቀለም ሥዕል ነው፤ ባሮክ የሚሉት የድሮ አውሮፓ አሣሣል። ራሰ በራ ጻድቅ መጽሐፍ ላይ አጎንብሷል። ግንባሩና አንድ ትከሻው ያበራሉ፤ የቀረው ድቅድቅ ጨለማ ነው። አስጎብኚዎቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ብርሃኑን እዩት!" ሲሉ እኔ የሚታየኝ መላጣው ብቻ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውል ሰው ለጻድቅም ትዕግሥት የለውም።

አንድ እሑድ የሚስቴ አጎት እዚሁ ከተማው ዳር ካለችው ከጋሃና ሊጠይቁኝ መጡ። ጋሼ አገር ቤት ዕድሜያቸውን በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት የጨረሱ ሰው ናቸው። ልጃቸው ወደዚህ ካመጣቻቸው ወዲህ ሥራቸው የሰው ቤት አምፖል መተቸት ሆኗል።

ሥዕሉን ትኩር ብለው አዩና፣ "እነሱም ሰፈር መብራት ይጠፋ ነበር እንዴ?" አሉኝ።

"ሠዓሊው ሆን ብሎ ነው ያጨለመው፣ ጋሼ።"

"እኛም ጋ ሆን ብለው ነበር የሚያጠፉት።"

ሳቅኩ። እሳቸው ግን ሙያቸው ተነሥቶባቸው ነበር።

"የአፍንጫውን ጥላ እይ። ብርሃኑ የሚመጣው ከግራ ነው። እናንተ ደግሞ ከቀኝ ትለቁበታላችሁ" አሉና ጣታቸውን ወደ ጣሪያው አምፖል ቀሰሩ። "ቀለሙ ላይ እያብለጨለጨ ጨለማውን ሸፍኖታል። እዚያ ውስጥ ሰው አለ።"

"ማንም የለም። ሁለት ዓመት አይቼዋለሁ።"

"ቆመህበታል እንጂ አላየኸውም!"

ይህን ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁና ነጸብራቁን ሊከልሉ እጃቸውን ወደ ሥዕሉ ሰደዱ። አላርሙ ጮኸ። ሱፐርቫይዘሬ እየሮጠች መጣች። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ጋሼ ባርኔጣቸውን እንደ ጃንጥላ ዘርግተው፣ "ንገራት!" ይሉኛል።

እየተንተባተብኩ ተረጎምኩላት። ልትቆጣ አፏን ከፍታ ነበር፤ ግን ዓይኗ ባርኔጣው ጥላ ሥር ገባና ጠጋ ብላ አጎነበሰች። እኔም አየሁ። ከጻድቁ ጀርባ የሾርባ ሳህን የያዘች ሴትዮ ቆማለች። አፏን በመዳፏ ከልላ ታዛጋለች! ሥዕሉ አጠገብ የተለጠፈው ወረቀት "ጻድቁና አገልጋይቱ" ይላል፤ ቀን በቀን እያነበብኩት አንድም ጊዜ አገልጋይቱ የታለች ብዬ አላውቅም። አፈርኩ። ደግሞ ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ።

በሳምንቱ አምፖሉን ወደ ግራ አዛወሩት። ጋሼ ደስ ይላቸዋል ብዬ ኮል አደረግኩላቸው።

"ጥሩ" አሉኝ፤ "መጀመሪያ በቀኝ የሰቀለው ሰውዬ ግን አሁንም እዚያ ይሠራል?"