ድሬ ላይ ኮት አይለበስም

ከድሬ የወጣሁ ምሽት ኤርፖርት እስክንደርስ ባጃጁን ሁለቴ አስቁሜዋለሁ፤ አንዴ ገና ከሰፈራችን ከመጋላ ሳንወጣ፣ አንዴ ደግሞ የደቻቱን ድልድይ እንደተሻገርን። ሾፌሩ «አቦ አንቺ ልጅ፣ ጀርመን እስክትደርሺ የስንቱን ሰው ሽንት ቤት ልታንኳኪ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ! እናቴ ደግሞ ከጎኔ ሆና «ፍርሃት ነው፣ መንገደኛን እንዲህ ያደርገዋል» ትለኛለች። ፍርሃት አልነበረም። ለዓመታት ከእሷ የደበቅኩት ሕመም ነበር፤ ሽንቴ ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ ሲወጣ ደግሞ እንደ ሚጥሚጣ ይለበልበኛል።

ጀርመን ገባሁና ሆቴል ልብስ አጠባ ተቀጠርኩ። እናንተ አገር ቤት ያላችሁ፣ እዚህ ሰው ለመታመምም ተርሚን ያስይዛል፤ ቀጠሮ ማለታቸው ነው። ዳቦው ድንጋይ፣ ሻሂው ውሃ። ፈጢራ በማር ብል ማን ይሰማኛል! አከራዬ ፍራው ሄልጋ፣ ወይዘሮ ሄልጋ እንደማለት ነው፣ አንድ ቀን በሬን አንኳኳች።

«ፍራው ነኢማ፣ ሰው ደብቀዋል?»

«ኧረ ብቻዬን ነኝ!»

«የሽንት ቤቱ ውሃ ቀኑን ሙሉ ይለቀቃል። አንድ ሰው ይህን ያህል አይሸናም።»

ይሸናል፣ ፍራው ሄልጋ። በመጨረሻ የሄድኩበት ሐኪም የሽንት ፊኛዬ ከቆየ ቁስለት የተነሳ ጠንክሮ መኮማተሩን፣ ሽንት መያዝ ስለማይችልም መውጣት እንዳለበት ነገረኝ። ካንሰር ነው ወይ ብዬ ብጠይቀው «አይደለም፣ እድለኛ ነዎት» አለኝ። ወጣ። አሁን ሽንቴ ከእምብርቴ በስተቀኝ በተከፈተች ቀዳዳ እየወረደ ሆዴ ላይ በተለጠፈ ከረጢት ይጠራቀማል። ከሆስፒታል በተመለስኩ በሳምንቱ ፍራው ሄልጋ መጥታ «አሁን ደግሞ ውሃው ጭራሽ አይሰማም፣ ደህና ነዎት?» ስትለኝ ስፌቴን ይዤ ሳቅኩ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ኑሮዬ ተሻሽሏል። ተኝቼ አድራለሁ፣ አውቶቡስ ውስጥ እንደ ሰው እቀመጣለሁ። ሕመሙ ሄደ፣ እፍረቱ ግን ቀረ። ካንሰር ቢሆን እንኳ ስም አለው፣ ሰው ከንፈሩን ይመጥጥልኛል። «ሽንቷን በከረጢት ይዛ የምትዞረው» መባልን ማን ይችለዋል? ሰው አጠገብ ስቀመጥ፣ ሳይሸት ይሸተኛል። ብርዱን ስረግም የኖርኩ ሴትዮ አሁን ኮት የሚለበስበትን ወር እናፍቃለሁ፤ ወፍራም ኮት ሁሉን ይሸፍናል።

ድሬ ላይ ግን ኮት አይለበስም። ከቀትር በኋላ ሴቱ ሁሉ ድሪያውን፣ ያን ገላ የሚያሳይ ስስ ቀሚስ፣ ለብሶ ፍራሽ ላይ ይጋደማል፤ አንዷ የሌላዋን ጭን ተንተርሳ ይጨዋወታል። ታናሽ እህቴ ሐናን ልታገባ ነው። እኔም እንደ ወጉ ድሪያ ለብሼ፣ ከጎኗ ተጋድሜ ሂና ልቀባ ነው። ከረጢቱ ቢታይስ? በሰርጓ ፍራሽ ላይ ቢፈስስ?

እናቴ በደወለች ቁጥር ሰበብ እደረድራለሁ። ትናንትም ደወለች።

«ነኢማ፣ ድሪያሽን አሰፋሁልሽ። መቼ ነው የምትመጪው?»

«ኡሚ፣ ሥራው አይለቀኝም።»

«ባለፈው ወረቀቴ አላለቀም አልሽ። ከዚያ በፊት ደግሞ ትኬት ጠፋ።»

«ወላሂ...» ብዬ አቆምኩ። በውሸት መማል ከበደኝ።

እናቴ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ልጄ፣ ገብቶኛል። ነጮቹን ለመድሽና በእኛ አፈርሽ። አልቀየምሽም፣ ወላሂ። አፍረሽም ቢሆን ነይ። እኔ እንግዳ ፊት አልወጣም፣ ጓዳ ሆኜ ምግቡን አያለሁ። ሐናን ብቻ ያለ እህት ሂና አትቀባ።»

«ኡሚ፣ ያሳፈረኝ የገዛ ገላዬ ነው» ልላት አፌን ከፈትኩ። አላልኳትም።

«ከሥራ ፈቃድ እጠይቃለሁ» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ!» አለች፣ ይህንንም ሰበብ አምናኝ።