ቡሬ ጎንደር ገብታ ውሃ እንቢ ያለች ጊዜ

በስድሳ አራት ዓመተ ምሕረት ነው፤ እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሰሞኑን ወረታ፣ ከልጄ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ ሳለ፣ የልጅ ልጄ የጎንደር ባሕረ ጥምቀት ውሃ ሲሞላ በስልኳ ብታሳየኝ ሳቄ አመለጠኝ። "ምን ያስቅዎታል አባባ?" አለችኝ። ከላም ጋር ገብቼበታለሁ ብላት አላመነችኝም። እንግዲህ ትመን አትመን፣ ነገሩ እንዲህ ነው።

እህቴ ጥሩወርቅ ጎንደር ተድራ የበኩር ልጇን ስትወልድ ጡቷ ነጠፈባት። በእኛ ቤት ልማድ የበኩር ልጅ ሲወለድ የሴቷ አባት የምትታለብ ላም ይወስዳል፤ ስለዚህ አባቴ ከከብቶቹ ሁሉ ያችን ነጭና ጥቁር ላሙን፣ ቡሬን መረጠና፣ ጥጃዋን እኔና እሱ ተራ በተራ እየተሸከምን፣ ከፎገራ ተነሥተን በይፋግ አድርገን በሦስተኛው ቀን ጎንደር ገባን። በመንገድ ወንዝ ባገኘች ቁጥር እስከ ጉልበቷ እየገባች ስትጠጣ ነው የመጣች። ጎንደር ግን እህቴ በባልዲ ብታቀርብላት አሸተተችና ፊቷን አዞረች። በገንዳ ብንሰጣት እንቢ፣ ጨው ብንበትንበት እንቢ። የፎገራ ላም እግሯ ውሃ ውስጥ ካልቆመ መጠጣት መች ታውቃለች! በሁለተኛው ቀን ግቷ ሟሸሸ፤ ከማለቢያው ግሬራ ሥር የተገኘችው ወተት ለሕፃኗ አንድ ጊዜ እንኳ አልበቃችም። ሕፃኗ ታለቅሳለች፣ እህቴም አብራ ታለቅሳለች።

በማግሥቱ አባቴና እኔ ላሚቱን ይዘን ወንዝ ፍለጋ ወጣን። ቅዳሜ ነበርና መንገዳችን በገበያው መሐል ሆነ፤ የበርበሬው ብናኝ እያስነጠሰን፣ አንዷ ሸማ ሻጭ "ኧረ ኩታዬን ላማችሁ በላችው!" እያለች እየተከተለችን፣ እየተጋፋን ግንቡ ሥር ደረስን። እኔ አንጋጥጬ ቀረሁ። አባቴ ግን ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አደረገና፣ "ይህን ሁሉ ድንጋይ ከወዴት አመጡት? እኛ ለጉልቻ ሦስት ድንጋይ ስንፈልግ አይደል ደራ ድረስ የምንሄድ!" አለ።

ቀሃ ወንዝ ስንወርድ ጠጠር ብቻ ቀርቷል፤ ጥምቀት ደርሶ ኖሮ ውሃው ተጠልፎ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ሄዷል። ይሄኔ ቡሬ ውሃ ሸቷት አፍንጫዋን ወደ ላይ አነሣች። ከዚያ ወዲያ የተጎተትሁ እኔ ነኝ፤ ገመዱ መዳፌን እየላጠኝ፣ በተከፈተው የባሕረ ጥምቀቱ በር ይዛኝ ገባችና የፊት እግሮቿን ከውሃው ደረጃ ላይ ነከረች።

"በስመ አብ! አንተ ጎረምሳ፣ ባሕረ ጥምቀቱን ከብት ታጠጣበታለህ?" የውሃውን አሞላል የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ቄስ መቋሚያቸውን ይዘው መጡብን።

አባቴ ጎንበስ ብሎ መስቀላቸውን ተሳለመና፣ "ይፍቱኝ አባ፤ ውሃው ተባርኳል?" አለ።

"ገና ነው፤ ለጥምቀት ነው እንጂ የሚባረክ።"

"እንግዲያማ ገና ወንዝ ነዋ! ወንዝ ደግሞ ለከብት ነው።"

ቄሱ አባቴን አዩ፣ ላሚቱን አዩ። "የወዴት ሰው ነህ?"

"የፎገራ።"

"መቼ ጠፋኝ! ፎገሬ ገነት ቢገባ እንኳ መጀመሪያ የሚጠይቅ የከብት ውሃ ነው።"

"ሕፃን እየተራበብን ነው አባ" አልኋቸው እኔ። ቄሱ መቋሚያቸውን አወረዱ። ፊት ፊት እየመሩ፣ ቦዩን ይዘን ውሃው ከተጠለፈበት ድረስ ወሰዱን። ቡሬ እስከ ሆዷ ገባች። ጆሮዋን ጥላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ጎኗ እንደ ከበሮ እስኪወጠር ጠጣች። አባቴ በደስታ ከነልብሱ ገብቶ ጀርባዋን ሲያጥባት፣ ቄሱ "ይህስ ቀድሞን ተጠመቀ!" ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ዛሬ ያ የፎገራ የግጦሽ ሜዳ ሩዝ ሆኗል። ሩዙን እበላለሁ፣ አልዋሽም፤ ልጆቼንም ያስተማረልኝ እሱ ነው። ነገር ግን እንዲያ ያለች እልኸኛ ላም በመንደራችን የለችም፤ ያሉትም በጀሪካን የመጣ ውሃ ከሳፋ ይጠጣሉ። አባቴም እኒያ ቄስም አፈር ለብሰዋል፤ ከውሃው ዳር ከሳቅነው የቀረሁ እኔ ነኝ።

ያኔ ታዲያ፣ ቡሬ ውሃ በጠጣች በነጋታው፣ ጎሕ ሲቀድ ያለብሁ እኔ ነበርሁ። ጥጃዋን ለቅቄ አስጠባሁ፤ ግቷ ሲወጠር ግሬራውን ከጉልበቴ መሐል አድርጌ ቁጭ አልሁ። አረፋው ከአፉ ድረስ ሲመጣ፣ "ጥሩዬ፣ ተነሽ! ሌላ ዕቃ አምጪ!" ብዬ ጮህሁ።