የቡርቃ እንግዶች

ልዩ የምትባል ሴት አዳማ ውስጥ የተማሪዎች ሰርቪስ ትነዳለች። ባሏ በድንገት ሲያርፍ ዘመዶቿ እሱ ይነዳው የነበረውን ሚኒባስ ሸጠሽ ተገላገዪ ቢሏትም እምቢ ብላ መሪውን ራሷ ጨበጠች። ጠዋት ልጆቹን ታደርሳለች፣ ከሰዓት ትመልሳለች። መሀል ላይ ያለው ጊዜ ነበር የሚከብዳት፤ ቤት ስትገባ ግድግዳው ይጫናታል።

ከዚያ ያወጣቻት ጎረቤቷ ሌንሳ ናት። ሌንሳ ትንሽ የመዋቢያ ዕቃ ሱቅ አላት፤ ትውልዷ ግን ከአዳማ ብዙ ከማትርቀው ደራ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ነው። አንድ ቅዳሜ በሩን አንኳኩታ፣ "ተነሺ፣ ያደግኩበትን ላሳይሽ" አለቻትና ወደ ቡርቃ ይዛት ሄደች። ቡርቃ በኦሮምኛ ምንጭ ማለት ነው። በሁለት ኮረብታ መሀል ያለ ሸለቆ ሲሆን፣ ላይኛው ተዳፋት ግራር፣ ቁልቋልና እሬት፣ ከታች ምንጩ ዙሪያ ደግሞ ሾላ ሞልቶበታል። ሌንሳ እየዞረች የዛፉን ስም፣ የወፉን ስም፣ የትኛው ፍሬ እንደሚበላ ትነግራታለች። የዚያን ቀን ልዩ ከሐዘኗ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳዋን ጠግባ በላች።

ሸለቆው ግን ጤና አልነበረውም። ቅንጭ አረም ከመንገድ ዳር ተነስቶ ሣሩን እያጠፋ ወደ ውስጥ ዘልቋል። ሁለቱ ጓደኛሞች ጓንት አጥልቀው መንቀል ጀመሩ። ከዚያ ነርሷ ዲንቄ መጣች፤ ጋራዥ ያለው ኡበይደላ ተከተለ፤ እያለ እያለ ቅዳሜ ሚኒባሱ የሚሞላ ሰው ተገኘ። የአካባቢው ሽማግሌ ኦቦ መርዳሳ ከብት ላይኛውን ወገን እንዳይረግጠው መንደሩን አስማሙላቸው። ሌላ ቦታ እንደሚደረገው ችግኝ አምጥተው አልተከሉም፤ አረሙን እየነቀሉ መሬቱን ዕረፍት ሰጡት እንጂ። ጥቂት ክረምት ሲያልፍ የግራር ቡቃያ በራሱ ጊዜ ብቅ ብቅ አለ። ሚዳቋም ተመልሳ ታየች። ልዩ ስታያት እንደ ልጅ አጨበጨበች፤ ሌንሳ "ኧረ ታስደነግጫታለሽ!" ብላ እጆቿን ያዘቻት፤ ሁለቱም በሳቅ ሞቱ።

ባለፈው ዓመት ከመስቀል በኋላ ሌንሳ፣ "ልዩዬ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጡ እንግዶች አሉኝ። ወፍ ምናምን የሚወዱ ናቸው። ቡርቃን ብታሳዪያቸው" አለቻት።

ልዩ ደስታዋን አልቻለችውም። ሚኒባሱን አጥባ ሦስት ሰዎች ይዛ ሄደች። ሰዎቹ ትሁት ነበሩ። መኪና እስከ የት እንደሚገባ ጠየቋት፤ አሳየቻቸው። ላይኛው ተዳፋት ላይ አፈሩ ስንት ክንድ ሲቆፈር ቀይ ድንጋይ እንደሚገኝ ጠየቁ፤ ጎርፍ የሸረሸረው ገደል ድረስ ወስዳ አሳየቻቸው። አንዱ ድንጋይ በፌስታል ቋጥሮ ሲይዝ ለማስታወሻ መሰላት። ወፍ ቀና ብሎ ያየ አልነበረም፤ ልዩ ግን ይህ ትዝ ያላት በኋላ ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ የቀበሌው ስብሰባ ተጠራ። ላይኛው ተዳፋት እስከ ምንጩ ድረስ ድንጋይ ለሚፈለጥበት ካባ ይሰጥ የሚል ጥያቄ ቀርቦ ነበር። ልዩ ስትገባ ሦስቱ እንግዶች ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አንደኛው ፈገግ ብሎ በእጁ ሰላም አላት።

ሰብሳቢው የአካባቢው ተወላጅም፣ ቦታውን ሲንከባከቡ የቆዩት በጎ ፈቃደኞችም አስተያየት እንዲሰጡ ጠየቀ። ሌንሳ ቀድማ ተነሳች።

"እኔ ሁለቱም ነኝ" አለች። "እዚያ ነው ያደግኩት። አረሙንም ስነቅል ኖሬአለሁ። ላይኛው ወገን እሾህ ብቻ ነው። ጅብ ከመደበቅ በስተቀር የሚጠቅመው ነገር የለም።"

ልዩ የሰማችውን ማመን አቃታት። ተነስታ ልትናገር ፈለገች፤ ተናገረችም፤ ግን ያሰበችው ሁሉ ተምታታባት። ሰብሳቢው፣ "እህቴ፣ ጓደኛሽ እኮ የቦታው ልጅ ናት" አላት። ሰው ሳቀ። ኦቦ መርዳሳ ተነስተው "ከብታችን የት ይጠጣ?" ብለው ባይሟገቱ ኖሮ ምንጩም አይተርፍም ነበር። ታችኛው ወገን ቀረ፤ ላይኛው ተሰጠ።

በሩ ላይ ልዩ ሌንሳን ክንዷን ያዘቻት።

"ወፍ ይወዳሉ አልሽኝ እኮ።"

"እውነቱን ብነግርሽ ትወስጃቸው ነበር?"

"አልወስዳቸውም።"

"ለዚህ ነዋ" አለች ሌንሳ፣ ዓይኗን ሳታነሳ። "ወንድሜ ጉቱ ሥራ ፈትቶ ስንት ጊዜው ነው? እዚያ ተቆጣጣሪ ያደርጉታል። ለእኔም የሠራተኞቹን ምግብ ቤት ሊሰጡኝ ነው። ሱቁ እንደሆነ እንደምታዪው ነው።"

"ይሄን ብትነግሪኝ ተጣልተን እንታረቅ ነበር። በገዛ እጄ ማስደረግሽ ነው የገደለኝ።"

ሌንሳ ክንዷን ቀስ ብላ አስለቅቃ ሄደች።

የባሰው ግን በቀጣዩ ቅዳሜ መጣ። ልዩ የካባው ማሽን ሳይደርስ እሬቱንና ትንንሾቹን ቡቃያዎች ነቅላ ወደ ታች ልታዛውር ስትሄድ ኦቦ መርዳሳ መንገድ ላይ ቆመው ጠበቋት።

"ልጄ፣ ሰዎቹን ያመጣቻቸው ልዩ ናት ይላሉ። በመኪናዋ አይተናታል ይላሉ።"

ልዩ አካፋውን መሬት ላይ አስቀመጠች። "እውነት ነው፤ እኔ ነኝ ያመጣኋቸው። ለምን እንደመጡ ግን አላወቅኩም።"

"ማን ነበር የላከሽ?"

"እሱን ራሷን ይጠይቋት" አለች። የሌንሳን ስም ከአፏ ማውጣት አልቻለችም። ሽማግሌው መንገዱን ለቀቁላት። አመኗት ወይስ አዘኑላት፣ እስከ ዛሬ አላወቀችም። ሰላምታ ይሰጧታል፤ እንደ ድሮው ግን እጇን ይዘው "ነጋያ፣ ነጋያ" እያሉ አያቆዩአትም።

ከቅዳሜ ሰዎች ዲንቄና ኡበይደላ ቀሩ። ሌሎቹ አንድ በአንድ ሰበብ እየሰጡ ተበታተኑ። ላይኛው ተዳፋት ተገሽልጦ ቀይ ቁስል መስሏል፤ አቧራው የሾላውን ቅጠል ያለብሰዋል። ልዩ ግን ምንጩን አልተወችም። ከተዛወረው እሬት ከፊሉ ደረቀ፣ ከፊሉ ያዘ።

በዚህ ክረምት አንድ ቀን ከቡርቃ ስትመለስ ዝናብ እየወረደ ሌንሳን ከነዕቃዋ መንገድ ዳር ቆማ አየቻት። አልፋት ልትሄድ ነበር፤ እግሯ ግን ፍሬኑን ረገጠ። ሌንሳ ገብታ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች። ድሮ ቦታዋ ጋቢና ነበር። አዳማ ገብተው ሌንሳ ልትወርድ ስትል፣

"ታች ያለው… ደህና ነው?" አለቻት በቀስታ።

የዚያን ዕለት ጠዋት ልዩ ምንጩ አጠገብ ሚዳቋዋን ከነግልገሏ አይታ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ስታይ ቀድማ የምትነግረው ለሌንሳ ነበር።

"ዕቃሽን እንዳትረሺ" አለቻትና በሩ እስኪዘጋ ጠብቃ ነዳች።