«ይጠበቅ» የተባለው ክትር

ጁን 9 ቀን 1996 እ.ኤ.አ. በካርቱም አንድ ሚኒስቴር ውስጥ ከፍተኛ የመስኖ አማካሪ የነበሩት ኡስታዝ ሙደዊ የጀመሩት ማስታወሻ፣ «እኔ በዚያ ቃል ማለት የፈለግሁት» ይልና ያቆማል። በማግስቱ ንጋት ላይ ቤታቸው ሳሉ ልባቸው ቆመ። የጎደለውን የሞላው የለም።

ሠላሳ ዓመት ከጀዚራ ቦዮች ጭቃ ያልወጡ ሰው ነበሩ። አማካሪ ተብለው ሲሾሙ አንድ ክፍል፣ አንድ ማራገቢያና ሁለት ስልክ ተሰጣቸው፤ ስልኮቹ ግን አይጮኹም። ሥራህ ይህ ነው የሚላቸው ሲያጡ የሚያውቁትን ሠሩ። የትውልድ መንደራቸውን ወድ ነዒምን ከዓባይ ሙላት የሚከልለው የአፈር ክትር ተሰንጥቆ ነበር፤ ስንጥቁን ለክተው ጻፉ። ከክረምቱ በፊት ካልተጠገነ መንደሩን ውሃ ይወስደዋል። ወረቀቱ እንዳይጠፋ ብለው በኅዳጉ ላይ «ዩሕፈዝ» ሲሉ ጻፉበት፤ ይጠበቅ ማለታቸው ነው። ቦዩ ላይ ዘርም አካፋም ተቆልፎ ከሌባ የሚተርፈው ይህ ቃል ሲጻፍበት ነበር።

አራት ወር ሙሉ መልስ የለም። ግራ ቢገባቸው በዚያ ጁን 9 ቀን ወደ መዝገብ ቤት ወረዱ።

«ሲት ኢንቲሳር፣ ዶሴዬን ማን ዋጠው?»

የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ከታችኛው መደርደሪያ መዝዛ አቧራውን እፍ አለችበት። «ራስዎ ቀብረው ራስዎ አፈላልጉልኝ ይላሉ፣ ኡስታዝ!»

«እኔ?»

«እዚህ ቤት ዩሕፈዝ ማለት ጉዳዩ ተዘግቷል፣ መደርደሪያ ይግባ ማለት ነው።»

የእጅ ጽሑፋቸውን አዩት። መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አዩት። «ታዲያ ምን ልጻፍ? ይጠና?»

«ይጠና ካሉ ተመልሶ እርስዎ ዘንድ ይመጣል።»

«በአስቸኳይ ይታይ?»

«ኮሚቴ ይቋቋምለታል።»

«ልጄ፣ ክትሩን ጠግኑ የሚባለው በእናንተ ቋንቋ እንዴት ነው?»

ኢንቲሳር ቆማ አሰበች። «አማካሪ ይመክራል እንጂ አያዝም እኮ፣ ኡስታዝ። እንዲህ የሚል ወረቀት እጄ ገብቶ አያውቅም።»

እዚያው ጠረጴዛዋ ላይ ማብራሪያ መጻፍ ጀመሩ፤ ከአንዲት ሐረግ አላለፉም። «ቃል ባበዛሁ ቁጥር ሌላ ይተረጉሙብኛል» ብለው ተዉት። የቀድሞውን ቃል በአንድ መስመር ሰርዘው ከሥሩ «ክትሩ ይጠገን» ብለው ፈረሙ።

ተላላኪ አልጠበቁም። ዶሴውንና የመረከቢያ ደብተሩን ይዘው ሦስተኛ ፎቅ ወጡ፤ ዶሴውን ለዋና ዳይሬክተሩ ጸሐፊ አስረክበው አስፈርመው፣ ደብተሩን ለኢንቲሳር መለሱላት። አልደረሰኝም እንዳይባል ፊርማው አለ፤ ሰዓቱም ተጽፏል፦ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሃያ።